የዘይቱ ጀሪካን ላይ ቀን ጻፉበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከፋሲካ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ቦርጭ። በዓሉ አልፎ ሱሪው አልቆለፍ ሲል ብዕር የሚያነሣ አንባቢ ብዙ ነው። አልፈርድም፤ እኔም ከዚያው ሠፈር ነኝ። 27 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ «ሩጡ!» ስል ልጆቹ ይሮጣሉ፣ እኔ ጥላ ሥር እቆማለሁ። እነርሱ ሲቀጥኑ እኔ ሰፋሁ። በ46 ዓመቴ ሚዛን ላይ ስወጣ 94 ኪሎ፣ ወገቤ ደግሞ 108 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የደም ስኳሬም ከልኩ አልፎ ነበር። ያንን ቦርጭ ለማውረድ 14 ወር ፈጀብኝ፤ 15 ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አሠልጥኛለሁ። የምመልሰው ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ጎልማሳ ነኝ፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው ገርጂ ነው። ከሦስት ወር በፊት ስፖርት ቤት ተመዝግቤ በሳምንት አራት ቀን እሄዳለሁ። በሄድኩ ቁጥር 200 ሲት አፕ እሠራለሁ፤ ወገቤን በላስቲክ ጠቅልዬ ማሽን ላይ እሮጣለሁ፤ ከዚያ ሳውና እገባለሁ። ከሳውናው ስወጣ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሶ ያሳየኛል፤ በማግስቱ ይመለሳል። በሦስት ወር የቀነስኩት አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ቁርስ አልበላም። ምሳ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እበላለሁ። ማታ ከስፖርቱ በኋላ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቢራ እንጠጣለን። ባለቤቴ ‹እየከሳ ያለው ቦርሳህ ነው› ትለኛለች። ስህተቴ ምን ላይ ነው?»

መልስ፦ ይህን ዓምድ ማዘጋጀት የነበረባት ባለቤትህ ናት።

ሲት አፑን እናስቀድም። የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ክፉ ነገር አይደለም። ጡንቻው ላይ የተኛውን ስብ ግን ለይቶ አያነሣውም። ሰውነት ጉልበት ሲፈልግ ስቡን አፍርሶ ወደ ደም ይለቀዋል፤ ደሙ ደግሞ ለሚሠራው ጡንቻ ያደርሰዋል። ከየትኛው ጎተራ ይቀዳ የሚለውን የሚወስኑት ዘርህ፣ ፆታህ፣ ዕድሜህና ሆርሞንህ እንጂ የሚንቀሳቀሰው ጡንቻ አይደለም። እኔ መጀመሪያ የከሳሁት ፊቴ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ክንዴ ላይ። ቦርጬ በረካውን ሳይጠጣ እንደማይነሣ እንግዳ መጨረሻ ላይ ነው የሄደው።

ስብ ሲሄድ በየት በኩል እንደሚወጣስ አስበህ ታውቃለህ? ብዙ ሰው በላብ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ሒሳቡን ሠርተው አሳይተዋል፤ 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው በትንፋሽ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ የቦርጭህ ዋናው መውጫ በር አፍንጫህ ነው። ላስቲኩና ሳውናው የሚወስዱብህ ግን ውኃ ብቻ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል። መመለስም አለበት፤ ውኃ ያጣ ሰውነት ልብን ያስጨንቃል። ላስቲኩን ዛሬውኑ ጣለው። ሳውናውን ከወደድከው ለደስታህ ግባበት፤ ከወጣህ በኋላ ግን ሚዛን ላይ አትውጣ፤ ያታልልሃል።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው፤ የባንክ ሰው ስለሆንክ አይከብድህም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፈጠን ባለ እርምጃ አንድ ሰዓት ቢሄድ የሚያቃጥለው ወደ 300 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ስብ በእግር ጉዞ ብቻ ለማውረድ 25 ሰዓት ያህል መሄድ ሊኖርብህ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ ደግሞ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሦስት ሲሆን 420። እንግዲህ ከስፖርት ቤቱ እስከ ቢራው ጠረጴዛ ባለው መንገድ ላይ ያተረፍከውን ሁሉ ቁጭ ብለህ ትመልሰዋለህ ማለት ነው፤ ጥብሱን ሳልቆጥር። «አንዳንዴ» ያልካትን ቃል ስላላመንኳት አትቀየመኝ። እኔም «አንዳንዴ» እል ነበር። ባለቤቴ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር በእስክሪብቶ ምልክት ስታደርግብኝ ግን በአንድ ወር 17 ሆነ።

አሁን ወደ ምሳህ። «ከባልደረቦቼ ጋር» ብለህ በአንድ ቃል አልፈኸዋል፤ የእኔ ጥርጣሬ ዋናው እዚያ ላይ ነው። አራት ሆናችሁ ከአንድ ትሪ ስትበሉ አንተ ምን ያህል እንደበላህ አንተም አታውቅም፣ አስተናጋጁም አያውቅም። ወጡ ሲተርፍ «እንጀራ ጨምርልን» ይባላል፤ እንጀራው ሲተርፍ «ወጥ ጨልፍልን»። ሁለቱ እኩል ያለቁበትን ቀን በዕድሜዬ አላየሁም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ስላደግን ከማዕዱ ተለይ አልልህም፤ እኔም አልተለየሁም። ነገር ግን ጨዋ ሰው ከፊት ለፊቱ ነው የሚበላው ብለው ያስተማሩን ወላጆቻችን ሳያውቁት ትልቅ የምጣኔ ትምህርት ሰጥተውናል። ከፊትህ ያለውን ድርሻ በዓይንህ ከልለው፤ የሚጨመር ጥቅል እንጀራ ሲመጣ አትፍታው። ድርሻህ ሲያልቅ ጨርሰሃል። መጀመሪያ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሰላጣውን ብላ፤ ሥጋውን ወይም ሽሮውን አስከትል፤ እንጀራው ለእነርሱ ማንሻ ይሁን እንጂ ዋናው ምግብ አይሁን። ጤፍን እየወቀስኩ አይደለም። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ የሚያሰፋን እንጀራው ብቻውን ሳይሆን የጠጣው ዘይትና ቅቤ፣ እንዲሁም ብዛቱ ነው።

«በሞቴ» ለሚሉህ ደግሞ «ክብደት እየቀነስኩ ነው» ብለህ አትመልስ። እኔ ብያቸው ነበር፤ የባሰ ጉርሻ መጣብኝ። ይልቅ በዝግታ ብላ። እጁ ገበታው ላይ ያለ ሰው ብዙ አይለመንም፤ ቀድሞ የሚጨርስና እጁን የሚሰበስብ ነው በሞቴ የሚዘንብበት። ጉርሻ አትግፋ፤ ቁጠረው እንጂ። አንድ ያጣላል ስለሚባል ሁለት ይሆናል፤ እነዚያን ሁለት ከድርሻህ ቀንስ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሥራ ልስጥህ። ዛሬ ማታ ወጥ ቤት ግባና አዲስ የተከፈተው ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ላይ ቀኑን ጻፍበት። ሲያልቅ ቁጠር። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ አለው፤ ከአንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ይበልጣል ማለት ነው። አራት ሰው ባለበት ቤት ጀሪካኑ አንድ ወር ከቆየ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 345 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። በ15 ቀን ካለቀ 690 ገደማ ነው፤ ይህም የሁለት ሰዓት ፈጣን ጉዞ ነው። እኛ ቤት ሲቆጠር በ13 ቀን አለቀ። ባለቤቴ ጎረቤት አበድራ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አላበደረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ላይ ማንቆርቆር ቀረ፤ በሾርባ ማንኪያ ይለካል። አንድ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው። ሌላ ምንም ሳንቀይር ጀሪካኑ 31 ቀን ቆየ። የወጡ ጣዕም ተለውጦ እንደሆነ ልጆቼን ብትጠይቃቸው አላስተዋሉም።

ቁርስ አለመብላትህ ኃጢአት አይደለም። ግን ምሳ ላይ እንደተራበ አንበሳ የምትደርስ ከሆነ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ ሳህን ቂንጬ፣ ቅቤው በሻይ ማንኪያ ተለክቶ፣ ቢቀድም ይሻልሃል። ማኪያቶህና ሻይህ ውስጥ ያለውን ስኳርም ቁጠር። በቀን አራት ሲኒ በሦስት በሦስት ማንኪያ 12 ማንኪያ ነው፤ ወደ 190 ካሎሪ የሚጠጋ፣ ምንም የማያጠግብ።

ስፖርቱን ግን አትተው! ደብዳቤህን ሳነበው የፈራሁት ይህንን ነው። ስቡን በዋናነት የሚቀንሰው ወጥ ቤቱ ነው፤ የቀነሰው ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቀው እንቅስቃሴው ነው። በተለይ አንጀትና ጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ውስጠኛው ስብ፣ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ለስኳርና ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው፣ በእርምጃና በሩጫ ጥሩ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ክብደት ሳታነሣ ብትከሳ ከምትጥለው ኪሎ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ጡንቻ ይሆናል። ስለዚህ 200ውን ሲት አፕ 20 አድርገውና በተረፈው ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ ክብደት ማንሣት ሥራ። ከሥራ ስትመለስም ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ውረድ። እኔ እሑድ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ነኝ፤ ሯጮቹ እንደ ንፋስ ያልፉኛል፣ እኔ እንደ ሽማግሌ እወጣለሁ እወርዳለሁ።

ሚዛኑን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየው፤ ከእርሱ ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዛ። ጠዋት፣ ከመብላትህ በፊት፣ በመጨረሻዋ ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል አድርገህ፣ ትንፋሽህን በቀስታ አውጥተህ ለካ። ሆድ አትሳብ፤ የምታታልለው ራስህን ነው። ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሲያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ወንድ ከ102፣ ሴት ከ88 ካለፉ ሐኪም ይዩ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነስክ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። ዘጠነኛው ኪሎ ሲወርድልኝ የዕድራችን ሰዎች ሦስት ሆነው ሊጠይቁኝ መጡ። ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ዝናብ አውርተው፣ ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠርቶ «ተመርምሯል ወይ?» አላት። በእኛ ሀገር መወፈር «አምሮብሃል» ነው፣ መክሳት «ምን ነካህ» ነው። ትስቃለህ፤ ግን ከስፖርቱም ከዘይቱም ይልቅ ሰውን ወደ ኋላ የሚመልሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለባለቤትህ ከአሁኑ ንገራትና መልስ ታዘጋጅ።

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ጾሙን ስጨርስ ሦስት ኪሎ ጨምሬ እገኛለሁ። እህቴ ‹ተደብቀሽ ትበያለሽ› ብላ ትቀልድብኛለች። እንዴት ሊሆን ቻለ?»

መልስ፦ እህትሽ ትሳሳታለች፤ ተደብቀሽ አትበይም። በግልጽ ነው የምትበይው፤ የጾም ስለሆነ ብቻ አልቆጠርሽውም።

ጾም ለነፍስ ነው፤ ክብደት መቀነሻ አድርጌ አላወራውም፤ የማይገባኝ ቦታ ነው። የማውቀው ድስቱን ነው። 55 ቀን ቅቤና ሥጋ ሲወጡ በቦታቸው የሚገባው ዘይት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በምን ነው የምትፈቺው? ሐዋሳ ውስጥ ያሠለጠንኳቸው ሰዎች ሲነግሩኝ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በጣፋጭ ሻይና በቦምቦሊኖ ወይም በሳምቡሳ ነው። እነዚህ ዘይት ውስጥ ዋኝተው የወጡ ሊጥ ናቸው። ሆድ ባዶ ስለሆነ አንዱ ሦስት ይሆናል። ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ ዋናው ምግብ ይመጣል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሌላ። በመካከሉ የድንች ጥብስ፣ የኦቾሎኒ ቆሎ። የጠፋው አንድ ቁርስ ነው፤ የተተካው ሁለት ምግብ ነው።

እንዲህ አድርጊ። መፍቻሽን ውኃና ትኩስ የምስር ወይም የአትክልት ሾርባ አድርጊው፤ አለዚያም በሶ በውኃ ብቻ፣ ስኳር ሳይገባ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ቆዪ፤ ጥጋብ ከሆድ ወደ ጭንቅላት እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ዋናውን ምግብ አንድ ጊዜ ብይ፤ ማታ የቀለለ ይሁን። ሽሮሽን ስትሠሪ ሽንኩርቱን እናቶቻችን ለዶሮ ወጥ እንደሚያደርጉት በደረቁ አቁላዪው፤ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ እያደረግሽ። በርበሬው ሲገባ ነው አንድ ማንኪያ ዘይት የምትጨምሪው። ቁሌት ማለት ዘይት ማለት የሆነብን ቅርብ ጊዜ ነው፤ ትዕግሥት የሚሠራውን ሥራ ዘይት እንዲሠራልን ስለምንፈልግ።

ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ አብዢ። የጾም ወቅት ትልቁ ችግር የሚያጠግብ ፕሮቲን ማነሱ ነው፤ ሩዝ በድንች፣ ፓስታ በዳቦ የሚበላ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይርበዋል። ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ጥሩ ናቸው፤ ቅባታቸው ጤነኛ ነው፤ ቢሆንም ቅባት ነውና በትልቅ ሳህን አይሁን። የዓሣውን ጥያቄ፣ ሐይቁ ዳር እየኖርሽ ከባድ ፈተና እንደሆነ ቢገባኝም፣ ለንስሐ አባትሽ ተዪው፤ እኔ የማውቀው ከሁዳዴ ውጭ ሲሆን የተጠበሰውን ትተሽ የተቀቀለውን ወይም በወጥ የተሠራውን እንድትመርጪ ነው።

እንቅስቃሴውን በጾም ሰዓት ቀለል አድርጊው። ከመፍቻሽ በፊት ግማሽ ሰዓት በእግር ብትሄጂ ይበቃል፤ ጠንካራውን ከበላሽ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ አድርጊው። እንዲህ ሆኖም ሦስቱ ኪሎ ከመጣ እንደገና ጻፊልኝ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ቀናት ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ናቸው።

ጥያቄ፦ «እናቴን ወክዬ ነው የምጽፈው። 63 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ትኖራለች። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ ብሏታል። ጎረቤት ‹እራት ተዪ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ሂጂ› ብሎ መከራት። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሰው ደግፎ አመጣት። አሁን መንቀሳቀስ ፈርታለች።»

መልስ፦ ልጄ፣ ይህንን ለእናትሽ አንብቢላት፤ ለእርሳቸው ነው የምጽፈው።

እትዬ፣ የደረሰብዎት የስኳር መውረድ ይመስላል። የሚወስዱት መድኃኒት ምግብ ቢገባም ባይገባም ስኳርን ያወርዳል፤ እራት ትተው፣ መድኃኒቱን ወስደው፣ በባዶ ሆድ ሲሄዱ ሦስቱ ተደራርበው መሬት አስያዙዎት። የጎረቤቱ ምክር መድኃኒት ለማይወስድ ጤነኛ ሰው ላይጎዳ ይችላል፤ ለእርስዎ ግን አደጋ ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድም እንዲሁ። ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ክትትል የሚያደርጉበት ጤና ተቋም ሄደው «ልቀንስ ነው፣ መድኃኒቴ ይስተካከል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ። ሲሄዱ ኪስዎ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማዞር ከመጣ ይቀመጡና ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙ፤ ሲሻልዎት ትንሽ ምግብ ይቅመሱ፤ ካልተሻለዎት ወደ ሐኪም።

እንቅስቃሴውን አይፍሩት። ጦሳ ተራራን ይውጡ አልልዎትም፤ ደሴ ደግሞ ሜዳ ብርቅ ነው። በግቢዎ ውስጥ ምሳ ከበሉ በኋላ 10 ደቂቃ፣ እራት ከበሉ በኋላ 10 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ከምግብ በኋላ የሚደረግ አጭር እርምጃ የደም ስኳርን እንዳይሰቀል ያግዛል። ከዚያ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ከመቀመጫው እጅዎን ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥን ይለማመዱ፤ አምስት ጊዜ፣ አርፈው ደግሞ አምስት። ካቃትዎት በእጅዎ ይደገፉ። ጭንዎ ሲጠነክር ጉልበትዎ ያርፋል። ከሰውነትዎ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበትዎ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል፤ ስለዚህ ሦስት ኪሎ ብቻ ቢቀንሱ ጉልበትዎ 12 ኪሎ ጤፍ እንዳወረደ ተሸካሚ ነው። ነጠላ ጫማ አድርገው አይሂዱ፤ እግርዎን ማታ ማታ ልጅዎ ትይልዎት፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉን ላያውቀው ይችላል።

እራትዎን አይተዉት፤ ያሳንሱት። ቡናዎን ያለ ስኳር መልመድ ከቻሉ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ጨው ለግፊትዎ ጠላት ነው፤ ቡና ላይ ጨው የሚጨምሩ ከሆነም ይቅር። የቡና ቁርሱ ሕብስት ወይም አምባሻ ከሆነ አንድ ቁራሽ። ጎረቤቶችዎ ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው።

ጥያቄ፦ «ከዱባይ ነው የምጽፍልህ። ሳሎን ውስጥ በቀን 12 ሰዓት ቆሜ እሠራለሁ። ጓደኛዬ በስልክ አዝዛ የማቅጠኛ ሻይና ክኒን አመጣችልኝ። በሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነስኩ፤ ግን ሆዴን ያስቀምጠኛል፣ ልቤም ይመታል። ልቀጥል?»

መልስ፦ አትቀጥዪ። ዛሬ አቁሚ።

ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ሰና የተባለ ቅጠል አለባቸው፤ ሰና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። የወጣው ውኃና ፖታሲየም ነው እንጂ ስብ አይደለም። የክኒኑ የበለጠ ያስፈራኛል። ሲቡትራሚን የሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት በልብና በደም ሥር ላይ ባመጣው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካና በአውሮፓ ከገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» በሚሉ ክኒኖች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ልብሽ የሚመታው በፍቅር አይደለም። ማሸጊያውን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ኪሎውን በተመለከተ፣ 12 ሰዓት ቆመሽ፣ ቀን ሳትበዪ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ትሪ ሩዝ የምትበዪ ይመስለኛል፤ ካልሆነ ይቅርታ። ቀን ላይ እርጎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፍራፍሬ ይዘሽ ሂጂ፤ ሌሊቱን ግማሽ አድርጊው። እንቅልፍሽን ደግሞ ጠብቂ፤ ያልተኛ ሰው በማግስቱ የሚያምረው ጣፋጭ ነው። በሳምንት ሦስት ኪሎ የሚባል ነገር እርሺ።

ጥያቄ፦ «ጠዋት ጠዋት ሎሚና ማር በሙቅ ውኃ ስብ ያቀልጣል ይባላል። እውነት ነው? ከአዳማ።»

መልስ፦ አያቀልጥም። ስብ ሆድ ውስጥ እንደ ድስት ቅባት የሚንሳፈፍ ስላልሆነ ሙቅ ውኃ አያገኘውም። ሎሚው ሎሚ ነው፣ ማሩ ስኳር ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ያህል አለው። ከወደድሽው ጠጪው፤ ማሩን ግን ተዪውና ለእንግዳ አስቀምጪው።